አምስት ጎርፍ በአንድ ስቱዲዮ

ጎርፍ መሥራት ቀላል ነው የሚል ካለ አንድ ቀን ስቱዲዮ ገብቶ ይሞክረው። ማይክሮፎን ፊት ውሃ ብታንቆረቁሩ ጎርፍ አይሰማም፤ የሚሰማው አንድ ሰው ሽንት ቤት እንደገባ ነው። ኳኳቴ ይህን የተማረችው ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ ያውም በቀጥታ ስርጭት፣ ያውም ጀግናው ከእጮኛው ጋር ወንዝ ዳር በሚሰነባበትበት ቦታ ላይ ነበር። ሊያለቅስ የተዘጋጀው አድማጭ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ኳኳቴ የሬዲዮ ጣቢያው ድምፅ ሠሪ ናት። ድራማ ላይ ፈረስ ሲጋልብ፣ ብርጭቆ ሲሰበር፣ የሙሽራ ቀሚስ ሲንኮሻኮሽ፣ ሁሉም ከእሷ እጅ የሚወጣ ነው። ለመብረቅ ቀጭን ቆርቆሮ፣ ለዝናብ ሩዝና ወንፊት፣ ለሸምበቆ ከድሮ ካሴት የተመዘዘ ክር፣ ለጭቃ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ የተሞላ ሳፋ አላት። ከሁሉም የምትሳሳላት ግን ትንሿ በሯ ናት። እውነተኛ በር ናት፤ ወገቧ ላይ ተቆርጣ ከነመቃኗ በጎማ እግር ላይ የቆመች፣ መቀርቀሪያም ማጠፊያም ያላት። ሌባም ፖሊስም አማትም የሚገቡት በእሷ ነው። ጣቢያው ውስጥ ከኳኳቴ በቀር ማንም እንዲነካት አይፈቀድለትም።

ቅጽል ስሟን ያወጣላት አባቷ ነው። ገና በዳዴ ስትሄድ ድስት ከክዳን እያላተመች ቤቱን ታምሰው ስለነበር «ኳኳቴ» አላት፣ በዚያው ቀረ። እሱ ራሱ ደግሞ አገር ምድሩ የሚያውቀው «ነጎድጓድ» እየተባለ ነው፤ ድምፁን አንዴ የሰማ ሰው ስሙ ለምን እንደወጣለት አይጠይቅም። ወጣትነቱን የጨረሰው ከተጓዥ የቲያትር ቡድን ጋር ከከተማ ከተማ ሲዞር ነው። ቤቱ ብቅ የሚለው እንደ እንግዳ ነበር። በጉዞው መሃል ግን ሬዲዮ ላይ ይተርካል። ያን ጊዜ እናትየው ሬዲዮኑን ጠረጴዛው መሃል ታስቀምጥና «ነይ፣ አባትሽ መጣ» ትላታለች። እሱ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ትንሿ ኳኳቴ «ደህና፣ አንተስ?» ትለዋለች። መልስ ሲዘገይባት ሬዲዮኑን በጣቷ ታንኳኳለች። እናቷ ይህን ለጎረቤት እየነገረች ስታስቅባት ኖራለች። ቤቱ የሳቅ ቤት ነው፣ ቂም የያዘ የለም። ብቻ ኳኳቴን ይህን ሥራ ለምን እንደመረጠችው ጠይቃችኋት «እንጃ» ካለቻችሁ አትመኗት።

ወደ ጎርፉ እንመለስ። የጎርፉ ባለቤት ዶክተሯ ናት። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ስትሆን፣ ፀጉሯ የሸበተው የጥንት ሕዝቦችን የጎርፍ ታሪክ ጎን ለጎን እያስቀመጠች ስታነጻጽር ነው። ጣቢያው ከዚሁ ሥራዋ እሑድ እሑድ የሚተላለፍ ትረካ እንድትጽፍ ጠየቃት፤ እሷም አምስት ጎርፍ ይዛ መጣች። ተራኪው ነጎድጓድ፣ ድምፅ ሠሪዋ ኳኳቴ እንዲሆኑ ተወሰነ።

«አደራሽን» አለቻት ዶክተሯ ለኳኳቴ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ውሃዎቼን እንዳትቀላቅዪብኝ።»

«ውሃ ምን ልዩነት አለው ዶክተር?»

ዶክተሯ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ወንበር ሳበች። «ምን ልዩነት አለው? ስሚኝማ። በሁለቱ ወንዞች መሃል የኖሩት የጥንት ሰዎች ጎርፉ የመጣው የሰው ጫጫታ አማልክቱን እንቅልፍ ስለነሳቸው ነው ይላሉ። አስቢው፣ እንቅልፍ! አንዱ አምላክ ታዲያ ሰው አሳዘነውና ምስጢሩን ለሸምበቆ ግድግዳ አንሾካሾከ። ግድግዳው ወዲያ ማዶ ደግሞ ሰውየው ተኝቷል። ሁላችንም በልጅነታችን የሰማነው የመርከቡና የርግቧ ጎርፍ ግን የመጣው በኃጢአት ነው። ግሪኮቹ ጋ ባልና ሚስት በሣጥን ተንሳፍፈው ይተርፉና ወደ ኋላቸው ድንጋይ ሲወረውሩ ድንጋዩ ሰው ይሆናል። ህንዶቹ ጋ አንዲት ሚጢጢ ዓሣ 'ከትልልቆቹ አድነኝ፣ እኔም አድንሃለሁ' ብላ ማሰሮ ውስጥ ታድግና፣ ቀኑ ሲደርስ ጀልባውን በቀንዷ ትጎትታለች።»

«ዓሣ ቀንድ አላት እንዴ?»

«ያቺኛዋ አላት፣ አታቋርጪኝ። ቻይናዎቹ ጋ ደግሞ ጀግናው መርከብ አይሠራም። አካፋ ይዞ ይነሳና ውሃውን በቦይ በቦይ አድርጎ ወደ ባሕር ይሸኘዋል። ዓመታት ይፈጅበታል። በራሱ ቤት ደጃፍ ሦስት ጊዜ ያልፋል፣ የልጁን ለቅሶ ከውስጥ ይሰማል፣ ግን አይገባም። ውሃው አልጎደለማ!»

ኳኳቴ የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች። «አንድም ጊዜ አይገባም?»

«አንድም ጊዜ። በየትኛውም መጽሐፍ ላይ።» ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «አየሽ፣ ሁሉንም አንድ ድስት ውስጥ ከትተው 'ያው ጎርፍ ነው' የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ደሜን ያፈሉታል። ጎርፉ ደግሞ ጥንት ላይ አልቀረም። ዛሬ በሚጻፍ ልቦለድ ሰውየው ዝናብ ፈርቶ ቤተሰቡን ይዞ በሩን ሲዘጋ፣ ግጥም ውስጥ አንዲት ወፍ መስኮት ላይ ስታርፍ፣ ለእኔ የሚታየኝ ያ ውሃ ነው። ጸሐፊው ራሱ ላያውቀው ይችላል። የየትኛው ጎርፍ ልጅ እንደሆነ ለይቼ ካልተናገርኩ እኔ ምን እሠራለሁ?»

ኳኳቴ ወደደቻት። ሥራውንም ወደደችው። ለሁለቱ ወንዞች ጎርፍ ማራገቢያና የካሴት ክር፣ ለመርከቡ ሩዝ በወንፊትና የሚንቋቋ ሳንቃ፣ ለግሪኮቹ ጠጠር በቆርቆሮ፣ ለቦይ ቆፋሪው የጭቃ ሳፋና አካፋ አዘጋጀች። የቸገራት የዓሣዋ ማሰሮ ነበር። ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ቁርስ ላይ ተቀምጣ ሳለ ከኩሽናው «ጥብ... ጥብ...» የሚል ድምፅ ሰማችና ኩባያዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። የሚያንጠባጥበው የራሳቸው ቧንቧ ነበር።

«እማዬ! ይሄን ቧንቧ እስክጨርስ ድረስ እንዳታሠሪው!»

«ማን ሊሠራው!» አለች እናቷ። «አባትሽ እሠራዋለሁ ብሎ ቃል የገባው ገና ቀሚስሽን ሳትቆልፊ ነው። ሰውዬው ሁሉን ተረከ፣ ይሄን ቧንቧ ብቻ ዞሮ አላየውም።»

ነጎድጓድ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ጋረደ። ኳኳቴም የቧንቧውን ድምፅ በደንብ አጥንታ፣ በተበሳ ጠርሙስና በማሰሮ ሠርታው መጣች። ዶክተሯ ስትሰማው ዓይኗን ጨፍና «ዓሣዬ!» አለች።

ትረካው አድማጭ አገኘ። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ስለ ዓሣዋ ይወራ ጀመር። ችግር የመጣው በአራተኛው እሑድ ነው። ነጎድጓድ ሁለት ገጽ ባንድ ላይ ገልጦ ዘለለና የሚያነበው ጠፋበት። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የሬዲዮ ሰው ብቻ ነው። ትንሽ ሲቆይ ራሱን ሰብሰብ አድርጎ ቀጠለ፤ ግን ከበላይ ያሉት ሰምተዋል።

የድራማ ክፍሉ ኃላፊ ኳኳቴን ኮሪደር ላይ ጠራት። ወጣት ነው፤ መጥፎ ዜና መንገር የማይችልበት፣ ገና ሳይናገር ጆሮው የሚቀላ ሰው። «እኔ እኮ ጋሼን እያዳመጥኩ ነው ያደግኩት» አለ። «ግን አንዴ ከደገሙት በወጣት ድምፅ ተካቸው ተብያለሁ። የእሑዱ መዝጊያ ተመልካች ባለበት በቀጥታ ነው የሚሄደው፤ አምስቱም ጎርፎች ባጭር ባጭሩ ተራ በተራ። በሰላም ይውጡልኝ፣ ለሚመጣው ዓመት እኔው እፈርምላቸዋለሁ። ካልሆነ ግን ምንም ማድረግ አልችልም።»

ለአባቷ እንዴት እንደምትነግረው እያሰበች ስትወጣ በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ሰምቻለሁ፣ ጆሮዬ ገና አልጃጀም» አላት። «ይቺን ማይክሮፎን ከነጠቁኝ ምን ልሠራ ነው ታዲያ? እቤት ቁጭ ብዬ ከእናትሽ ቧንቧ ጋር ላወጋ?» ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። ኳኳቴ በልቧ ወሰነች። እሑድን ማለፍ አለበት፣ ሌላ ነገር የለም።

እዚህ ላይ የሬዲዮ ሰዎችን አንድ ልማድ መናገር ያስፈልጋል። የሚያነቡትን ወረቀት አያያይዙትም። የተያያዘ ወረቀት ሲገለጥ ይንኮሻኮሻል፤ ማይክሮፎን ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም። ስለዚህ ገጾቹ ልቅ ሆነው ይደረደራሉ፣ የተነበበው ወፍራም ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ቀስ ተደርጎ ይቀመጣል። የዶክተሯ አምስት ጎርፎች ደግሞ በተለያየ ጊዜ የተተየቡ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው ከገጽ አንድ ነው የሚጀምሩት። ይህን ልብ በሉልኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ትልቁ ስቱዲዮ ሞላ። ስርጭቱ ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ኳኳቴ ማራገቢያዋን ልትፈትን አዞረችውና ቁልፉን ተጫነች። ፊቱ ወደ አባቷ ጠረጴዛ እንደሆነ ያየችው አምስቱም ጎርፎች አየር ላይ ሲበሩ ነው።

«ወይኔ ጉዴ!» ብላ ልትለቅም ጎንበስ ስትል ነጎድጓድ ቀድሟት ተንበረከከ።

«እንዳትነኪብኝ!»

«አባዬ፣ ላግዝህ...»

«ወረቀት መደርደር ያቃተው ሽማግሌ አድርገሽ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልታሳዪኝ ነው? ሂጂ፣ ሩዝሽን ንፊ!»

ለቀመ፣ መነጽሩን አደረገ፣ የእያንዳንዱን ገጽ ጥግ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቁጥሩን አየ። አንዶቹን ከአንዶቹ ጋር፣ ሁለቶቹን ከሁለቶቹ ጋር፣ ሦስቶቹን ከሦስቶቹ ጋር አሰለፋቸው። ከዚያ ጠርዛቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጎ አስተካከለና ለልጁ ኩራት ኩራት እያለው ራሱን ነቀነቀላት። እንዲህ ያለ ንጹሕ ድርድር ያን ዕለት በከተማው ሁሉ አልነበረም። ስርጭት መጀመሩን የሚያሳየው ቀይ መብራት በራ።

«በጥንት ዘመን» ሲል ጀመረ ነጎድጓድ፣ ስቱዲዮውም ጸጥ አለ፣ «ሰው በዛ፤ በዛና ጫጫታው አማልክቱን እንቅልፍ ነሳቸው። ከእነሱ አንዱ ግን ወደ አንድ ሰው ቤት ወረደና ለሸምበቆው ግድግዳ እንዲህ ብሎ አንሾካሾከ፦ ግድግዳ ሆይ፣ ስማ...»

ኳኳቴ የካሴት ክሯን አንሿሿች። ነጎድጓድ ገጹን አስቀምጦ ቀጣዩን አነሳ።

«...አንድ ሰው ማለዳ ተነስቶ እጁን ሲታጠብ፣ አንዲት ሚጢጢ ዓሣ...»

ድምፁ ተቆረጠ። ቀጣዩን ገጽ ገለጥ አደረገ፦ ገጽ አንድ። ከሱ ሥር ያለውን፦ ገጽ አንድ። ኳኳቴ ከማዶ ሆና ገጾቹን ደጋግሞ ሲያገላብጥ አየችና በአንድ ጊዜ ሁሉም ገባት። ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስተዋት ጀርባ ኃላፊው ብድግ ሲል፣ ከፊት ረድፍ ዶክተሯ እጇን ደረቷ ላይ ስታደርግ አየቻቸው። ዝምታው ረዘመ።

እጇ ጠርሙሱን ሲያነሳ አእምሮዋን አላማከረም። ጥብ... ጥብ...

ነጎድጓድ ቀና አለ። ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ ስንት ዓመት ያልሠራው የሚስቱ ቧንቧ ነው። ፊቱ ላይ መጀመሪያ እፍረት፣ ቀጥሎ ፈገግታ መጣ። ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋ።

«...አንዲት ሚጢጢ ዓሣ መዳፉ ላይ ዘለለችና 'ጎረቤትህን ግድግዳው ምን እንዳለው አልሰማህም?' አለችው።»

ተመልካቹ ሳቀ። ኳኳቴ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን እፎይ ብላ አታውቅም፤ ወዲያው ግን እፎይታው በሌላ ነገር ተተካ፤ ጨዋታው ጀምሯልና።

ነጎድጓድ አምስቱን ጎርፎች በአንድ ሰፈር አሰፈራቸው። ግድግዳው ያንሾካሾከለት ሰው ከዓሣው ሰውዬ ጋር ጎረቤት ሆነ። ከነሱ ከፍ ብሎ የመርከቡ ሽማግሌ ግቢ ነው፤ እንጨት ሲፈልጥ ሰፈሩን እንቅልፍ ይነሳል፤ አማልክቱን ጭምር። ግሪኮቹ ባልና ሚስት ሣጥኑ ውስጥ ማን በየት በኩል ይተኛ በሚል ተጣልተው አልታረቁም። ቦይ ቆፋሪው ደግሞ ማንም ምንም አልነገረውም። ምድሩ ሲረጥብ አየና አካፋውን አነሳ። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ሰጣቸው። ገጾቹ በመጡ ቁጥር ያነባል፣ ያልተገጣጠመውን በአፉ ይሰፋዋል፤ ሲጠፋው ኳኳቴ ሩዝ ትነፋለታለች ወይም ሳንቃ ታንቋቋለታለች፣ እሱም የት ቤት እንዳለ ያውቃል።

ሁለቶቹና ሦስቶቹ ገጾች ሲደርሱ ውሃው መጣ። ባንድ ላይ መጣ! ኳኳቴ በቀኝ እጇ ወንፊት፣ በግራዋ ቆርቆሮ፣ በክርኗ ማራገቢያውን፣ በአንድ እግሯ የጭቃውን ሳፋ ያዘችው። ጫማዋ ወልቆ የት እንደገባ አላወቀችም። ከፊት ያሉት ተመልካቾች እሷን ለማየት ቆሙ። ዓሣዋ ጀልባውን ጎትታ መርከቡን ልትገጭ ስትል ሽማግሌው «ቀንድሽን ያዥ፣ እኔ ዝሆን ጭኛለሁ!» ብሎ ጮኸባት። ርግቧ ደረቅ መሬት ፈልጋ ፈልጋ አጣችና ቦይ ቆፋሪው አካፋ ላይ አረፈች። ባልና ሚስቱ ሲታረቁ ድንጋይ መወርወር ጀመሩ፤ ድንጋዩም አንድ ባንድ ቦዩ ውስጥ ይገባል።

«ኧረ ማነው!» አለ ነጎድጓድ በቦይ ቆፋሪው ድምፅ። «እኔ ጠርጌ ሳልጨርስ ሰው የሚወረውርብኝ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሯ ግን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ኳኳቴ በወንፊቷ ክፍተት አሻግራ እያየቻት፣ እያለቀሰች ይሁን ምን፣ መለየት አቃታት።

እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ገጽ ላይ ተደረሰ። የቦይ ቆፋሪው ገጽ ነው። ነጎድጓድ ድምፁን አወረደ፣ ሰዉም አብሮት ዝቅ አለ። «አንድ ጊዜ በቤቱ ደጃፍ አለፈ። ልጁ ውስጥ ስታለቅስ ሰማ። ውሃው አልጎደለምና አልገባም።» ኳኳቴ ለእርምጃ ድምፅ የምትጠቀምበትን የስቱዲዮውን ትልቅ ጫማ በእጇ ይዛ ጠጠር ላይ ረገጠችበት። «ሁለተኛም አለፈ። ልጁ አፍ ፈትታ ስታወራ ሰማ። አልገባም።» እንደገና ረገጠች። «ሦስተኛ ጊዜ ደጃፉ ላይ ደረሰ...»

ቀጥሎ ያለውን ኳኳቴ በቃሏ ታውቀዋለች፤ «አልፎ ሄደ» ነው የሚለው። ጫማውን ልትረግጥበት አነሳች። አባቷ ግን አላነበበም። ገጹን ቀስ አድርጎ ጨርቁ ላይ አስቀመጠው። ከመስተዋቱ ጀርባ ኃላፊው ጭንቅላቱን ያዘ። ዝምታው አሁንም ረዘመ፤ አባቷ ግን የጠፋበት ነገር አልነበረም። የሚያየው እሷን ነበር።

«ቆመ» አለ ነጎድጓድ።

ሁለት እርምጃ ተራመደና ማንም እንዲነካት የማይፈቀደውን ትንሿን በር በራሱ ጣት አንኳኳ። ኳ ኳ ኳ።

ኳኳቴ ከበሩ ወዲህ ቆማ ነበር። በዚያ ስቱዲዮ የዓለምን ድምፅ ሁሉ ስታወጣ የራሷን አውጥታ አታውቅም፤ የእሷ ሥራ አይደለማ። ጠረጴዛው መሃል የተቀመጠው ሬዲዮ፣ «ደህና፣ አንተስ?» ብላ መልስ የጠበቀችባቸው ምሽቶች ትዝ አሏት።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ። የነጎድጓድ ድምፅ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ ጨው አቀብዪኝ የሚልበት ነበር። «ውሃው ጎድሏል።»

መቀርቀሪያዋን ሳበች። ማጠፊያው ሲጥ አለ።

«ግባ» አለችው።

ቀይ መብራቱ ጠፋ። ስቱዲዮው በጭብጨባ ተናጋ፤ ኳኳቴ በቆርቆሮዋ እንኳ እንዲህ ያለ ነጎድጓድ ሠርታ አታውቅም። አባትና ልጅ በትንሿ በር ግራና ቀኝ ቆመው እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ።

ዶክተሯ ሰዉን እየገፋች መጣች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ጋሼ! አልገባም እኮ! በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አልገባም!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር...»

«ምን ይቅርታ!» አለች፣ እና እንባው የሳቅ እንደነበረ ያን ጊዜ ታወቀ። «ዕድሜ ልኬን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው፤ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ግን የሰማኋቸው ዛሬ ነው። ይሄ ታሪክ ካንዱ አገር ወዳንዱ እንዴት እንደተሻገረ ስንት ወረቀት ጽፌያለሁ መሰላችሁ? እንግዲህ አንዱ ሽማግሌ ተራኪ እንደዚሁ ገጽ ተምታቶበት ቢሆንስ? አንዷ ልጅ ደግሞ ከአጠገቡ ሆና ደግፋው ቢሆንስ?» ቆም ብላ አሰበች። «ውሃዎቼን ግን ቀላቅላችኋል፤ ይሄን አልረሳላችሁም።»

ኃላፊው ጆሮው ቀልቶ ደረሰ። «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ የተለማመዳችሁት ነው?»

ኳኳቴ «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች። አባቷ ቀደማት።

«አይ ልጄ፣ አልዋሽህም። ንፋስ በተነብኝ፣ እኔ በቁጥር ደረደርኩት። አንዶቹን ካንዶቹ፣ ሁለቶቹን ከሁለቶቹ።»

ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ገጾች አየ። አንድ ገጽ አነሳ፣ ሌላ አነሳ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። «የስልክ መስመራችን ተጨናንቋል» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት። «ሰዎች ቆፋሪው ገባ ወይ ብለው ሳይሆን፣ መቼ ነው የሚደገመው እያሉ ነው። እፈርማለሁ ጋሼ፣ ነገ ጠዋት እፈርማለሁ። ገጽ መቁጠሩን ግን ከእንግዲህ ለእኔ ይተዉልኝ።»

ነጎድጓድ ተጠጋው። የወጣቱን ጭንቅላት ይዞ ግንባሩን ሳመው።

ወደ ቤት የሄዱት በእግራቸው ነው። ኳኳቴ አንዱ ጫማዋ እስከ መጨረሻው ሳይገኝ ስለቀረ የስቱዲዮውን የጠጠር ጫማ አጥልቃ ነበር፤ ሦስት ቁጥር ይሰፋታል። አባቷ መንገዱን ሙሉ በዓሣዋ ድምፅ ሲያወራት መንገደኛ ዞሮ ያያቸዋል። ሰፈራቸው ሲደርሱ ግን ቀጥ አለ።

«በሩ ተከፍቷል» አለ።

እውነትም የቤታቸው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደንግጠው ሮጡ። እናትየው ሬዲዮኑን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጣ፣ ፊት ለፊቱ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ ነጎድጓድ እያለከለከ። «ምነው በሩን ከፍተሽ?»

«አንኳኳህ፣ ከፈትኩ።»

«እሱ እኮ ሬዲዮ ነው!»

«አውቃለሁ ሬዲዮ እንደሆነ፣ ቂል አደረግከኝ እንዴ?» አለች። «ሳላስበው ተነስቼ ከፈትኩት። የማዶዋ ጎረቤቴም አየችኝ፤ ነገ እኔን መሳቂያ ታደርገኛለች። ከዚያ ልዘጋው ስል ሆዴ እምቢ አለኝ። ይመጣሉ ብዬ ተውኩት።»

ለአገር ምድሩ ሲተርክ የኖረው ሰው ደጃፉ ላይ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። መልሶ አደረገው።

«ምን ትገተራለህ? ግባ እንጂ» አለችው እናትየው፣ ዓይኗን በመዳፏ ጠራርጋ። «ውሃው ጎድሏል ብለህ ለሕዝብ አውጀሃል፤ ኩሽና ገብተህ ግን እየው።»

ገባ። ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ጠቀለለና መፍቻ ጠየቀ። ኳኳቴ ደጃፉ ላይ እንደቆመች «ጥብ... ጥብ...» ሲል ሰማችው፤ ከዚያ ብረት ሲንቋቋ፤ ከዚያ ቀጥ ያለ ጸጥታ። ከጸጥታው በኋላ «ፏ!» የሚል ነገር መጣ።

«ሴትዮ፣ ጨርቅ! ጨርቅ አቀብዪኝ!»

«ጎደለ አላልክም? ይኸው ጎደለልህ!» እናቷ የምትስቀው ትንፋሿ እስኪቆረጥ ነው፤ አባቷም በውሃ እየተመታ ይስቃል።

ኳኳቴ ከልማዷ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ውሃው በኩባያ ወይም በሳፋ ይሠራል። የሁለቱ ሳቅ፣ በአንድ ክፍል፣ ባንድ ጊዜ፣ በምን ይሠራል? ቆርቆሮዋንም ሩዟንም ጠርሙሷንም በሐሳቧ አገላበጠች፣ ምንም አልመጣላትም። ደስታ ደረቷን ሞልቶ ሊያፈነዳት ደረሰ።

«ኳኳቴ!» አለ አባቷ ከኩሽና፣ በሙሉ ነጎድጓዱ። «ሳፋ!»

በሩን እንደተከፈተ ትታ ሮጠች።